ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው
(የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወትና ለእኛ ለወጣቶች ያለው ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርስቲ ወደ ሐይቅ እንደተመለስሁ የሕፃናቱን ክፍል እንዳስተምር ታዝዤ ነበር። ስለ ሰማዕታት ስናገር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «በጦርነቱ ጊዜ የሞተ ሁሉ ሰማዕት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ ይህ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከቤቱ የወጣ ሕፃን ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ከቤቱ የመጣ ነው። ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። «ለሚመጣው እሑድ አጥንቼ እነግርሃለሁ» አልሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የሰማዕትነት መታሰቢያ ስለሆነም በእርሳቸው ሕይወት አማካይነት እንድናጠናው ወደድሁ።

1ኛ/ የቃሉ ትርጉም

ሰማዕት የሚለው ቃል ከግእዝ የተገኘ ነው፤ ሥሩም «ሰምዐ» ነው። ሰማ፣ ከዚያም የሰማውንና ያወቀውን መሰከረ ማለት ነው። በግሪክኛውም ማርቲስ ሲባል በመጀመሪያ ትርጉሙ ምስክር ማለት ነው። እንግዲህ ሰማዕትን ሰማዕት የሚያሰኘው መሞቱ ብቻ አይደለም። በዳኛ ፊት ቆሞ እውነቱን እንዲለውጥ ሲጠየቅ «አልለውጥም» ማለቱ ነው። ሞቱ የቃሉ ማኅተም ነው። በጦርነት የሞቱብንን ወገኖቻችንን እናለቅስላቸዋለን፣ በጸሎትም እናስባቸዋለን፤ የሰማዕትነት ስም ግን ምስክርነትን ይጠይቃል።

2ኛ/ ሐይቅና አቡነ ጴጥሮስ

ብዙዎቻችን አቡነ ጴጥሮስን የአዲስ አበባ ሐውልት አድርገን ብቻ እናውቃቸዋለን። ነገር ግን ለእኛ ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች ቅርብ ናቸው። በሁለት መንገድ እንመልከተው።

አንደኛው በገዳማት ዝምድና ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲያስተምሩ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ እርሱም በኋላ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ ፍቼ የተወለዱት፣ የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም የነበረው አባት የመነኮሱት በዚሁ በደብረ ሊባኖስ ነው። እንግዲህ ከእኛ ሐይቅ የወጣው ትምህርት ዞሮ ዞሮ እርሳቸው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው በሹመት ነው። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ለሀገራችን ጳጳስ ይላክ የነበረው ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ግብፅ ሄደው ከፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ እጅ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ወሎ በሀገረ ስብከታቸው ነበረና የደሴ ጳጳስ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የእኛም አያቶች መንፈሳዊ አባት ነበሩ።

3ኛ/ መከራው እንዴት እንደ መጣ

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ሀገራችንን ወረረ። ኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖቹ ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልቀረም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ መከሩ። አቡነ ጴጥሮስም በደብረ ሊባኖስ ሆነው ያበረታቷቸው ነበር። ሐምሌ 21 ቀን ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎችም አርበኞች ከተማይቱን ከየአቅጣጫው ወጉ። ሆኖም ወራቱ ክረምት ነበረ፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ ጦሩ በአንድ ጊዜ ሊገባ አልቻለም፤ ውጊያውም ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ።

4ኛ/ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አቡነ ጴጥሮስን ለፍርድ ያቀረቧቸው «ሕዝብን አሳምፀዋል» በሚል ክስ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንዳስተላለፉት፣ ሌሎች ታላላቅ ሰዎች የኢጣልያን መንግሥት ተቀብለው ሳለ እርሳቸው ለምን ብቻቸውን እንደሚቃወሙ ተጠየቁ። እርሳቸውም ኢትዮጵያዊ አባት እንደ መሆናቸው ስለ ሕዝባቸው በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነት እንዳለባቸው፣ ያንንም መካድ እንደማይችሉ መለሱ።

ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት የተጠየቁት ትልቅ ሥራ አልነበረም። ጥቂት ቃል ብቻ ነበር። ወራሪውን ሕጋዊ መንግሥት ነው ብለው አርበኞቹን ቢያወግዙ በሕይወት የመኖር ተስፋ ነበራቸው። ለራሳቸውም ምክንያት ሊያገኙ ይችሉ ነበር፤ «በሕይወት ብኖር መንጋዬን እጠብቃለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አብረዋቸው ጵጵስና ከተቀበሉት መካከል በኋላ ለኢጣልያ ያደሩ ነበሩ። በእነርሱ ላይ እንፈርድ ዘንድ አልጻፍሁትም፤ መንገዱ ሁለት እንደነበረ እንድናውቅ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ግን ያን ቃል አልተናገሩም። ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትገዛለት አወገዙ። በዚያው ዕለት በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ሥጋቸውም በምሥጢር ተቀበረ።

ከእርሳቸው ጋር የተሾሙት አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጠላት እጅ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተጨፈጨፉ፤ ራሱ ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት የቈጠረው ብቻ ከ400 በላይ ነበር።

5ኛ/ ምስክርነታቸው የተወልን

ጠላት በአደባባይ የገደላቸው ሌላው እንዲፈራ ብሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ስማቸው ለአርበኞች ስንቅ ሆነ። ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆመላቸው። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. በባቡር ሐዲድ ሥራ ምክንያት ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»ን፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ስለ እርሳቸው ጽፈዋል።

የእኛ ሀገር ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ሠፈር ቡና የሚጠራራበት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ምድሪቱን ለወራሪ እንዳትገዛ ሲያወግዙ የክርስቲያኑን ማሳ ከእስላሙ ማሳ አልለዩም፤ ምድሪቱን በሙሉ ነው። በእርሳቸው ስም ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው ቢኖር አባታችንን አላወቃቸውም።

6ኛ/ በሌላው ዓለም

በዚያው ዘመን ኢጣልያ ካቶሊክ ሀገር ነበረችና፣ አንዳንዶቻችን ስለ ካቶሊካውያን በጎ ነገር መስማት ይከብደናል። ሆኖም እውነት ለመመስከር ከተነሣን ይህንንም መናገር ይገባናል። አባ ማክሲሚሊያን ኮልቤ የሚባሉ የፖላንድ ካቶሊካዊ መነኩሴ ነበሩ። ናዚዎች አውሽዊትዝ በተባለው የእስረኞች ሠፈር አስረዋቸው ሳለ በ1933 ዓ.ም. አንድ እስረኛ አመለጠ ተብሎ 10 ሰዎች በረሃብ እንዲሞቱ ተመረጡ። ከአሥሩ አንዱ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ሲያለቅስ አባ ኮልቤ ወጥተው «በእርሱ ፈንታ እኔ ልሙት» አሉ። ሞቱም። ያ የዳነው ሰው እስከ 1987 ዓ.ም. በሕይወት ኖሮ ስለ እርሳቸው ሲመሰክር ኖረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1975 ዓ.ም. ሰማዕትና ቅዱስ ብላ አወጀቻቸው።

አባ ኮልቤ ስለ አንድ ሰው፣ አቡነ ጴጥሮስ ስለ አንድ ሕዝብ ሞቱ። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው የቆመው ኃይል አንድ ዓይነት ነበር፤ ሰውን አስፈርቶ እውነቱን የሚነጥቅ ኃይል።

7ኛ/ እኛስ?

እኛ ዛሬ በጥይት ፊት አልቆምንም። ምስክርነት ግን በየቀኑ ይጠየቅብናል። ሌላውን ከምወቅስ የራሴን ልናገር።

ባለፈው ዓመት በፈተና ጊዜ አንድ ጓደኛዬ ከአጠገቡ ካለው ተማሪ ሲኮርጅ አየሁ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሆነው ሲገኙ መምህሩ ጠርተው «ማን ከማን ነው የገለበጠው? አይተሃል?» አሉኝ። «አላየሁም» አልሁ። የሁለቱም ውጤት ተሰረዘ። ምንም ያላጠፋው ልጅ፣ ከሩቅ ገጠር የመጣ የድኻ ልጅ፣ ያን ትምህርት እንደገና ይወስዳል። እኔ ጥይት አልተደገነብኝም። የፈራሁት የጓደኛዬን ኩርፊያ ነበር።

ይህን ጥናት ስጽፍ ብዕሬ ብዙ ጊዜ ቆመ። ያን ልጅ በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅር አለኝ። ለመምህሩ ግን እስካሁን አልተናገርሁም። ትምህርት ሲከፈት ቀርቤ ያየሁትን እናገራለሁ። እዚህ የጻፍሁትም ወደ ኋላ እንዳልል እናንተ ምስክር ትሆኑብኝ ዘንድ ነው።

ለጠየቀኝም ልጅ መልሱ ይህ ነው፤ ሰማዕት እውነትን አይቶ «አላየሁም» የማይል ሰው ነው። ይህንን ልምምድ ዛሬ በትንሹ ካልጀመርነው በትልቁ ቀን ከየት እናመጣዋለን?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሰማዕትነትን ከሌላ ሞት የሚለየው ምንድን ነው?
2. ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለውን የትምህርት ዝምድና በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
3. አቡነ ጴጥሮስ በሕይወት ለመኖር ምን ማለት ይጠበቅባቸው ነበር? ለምንስ አላሉትም?
4. በዚህ ሳምንት እውነት መናገር ሲገባችሁ ዝም ያላችሁበት ጊዜ አለ? ምን ፈርታችሁ ነበር?

የአባታችን የአቡነ ጴጥሮስ በረከት ይደርብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።