የታመመ ሠራተኛ ደመወዝና ግብሩ

ፊደል የለየ ሰው ቀጥሎ ቁጥርን ይለያል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። እርሷም የደመወዝ ወረቀት ናት።

በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ለሥራ ይወጣሉ። አንዱ ወደ ሃዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሌላው ወደ ወንጂ ወይም መተሐራ የሸንኮራ እርሻ ይሄዳል። እዚሁ ሶዶ፣ አረካና ቦዲቲ የሚቀጠርም አለ። ልጁ ወባ ወይም ሌላ በሽታ ሲጥለው ወደ አባቱ ቤት ይመጣል። ያን ጊዜ አባትና እናት ይጠይቃሉ። ታሞ የተኛ ሰው ደመወዝ አለው ወይ? ካለውስ፣ ከበሽተኛ ደመወዝ ላይ ግብር ይቆረጣል እንዴ?

የሁለቱም መልስ «አዎን» ነው። ነገር ግን ሁለቱም ልክ አላቸው። ልኩን ያላወቀ ሰው ገንዘቡ ቢጎድልበት አያውቅም።

የሕመም ፈቃድ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ወጣ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። ክፍያው እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል።
በሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል።
በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደመወዝ የለም።

ሠራተኛው የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማስረጃውን የሚሰጠው ዕውቅና ያለው የሕክምና ተቋም ነው። የሰፈር ሰው ምስክርነት አይበቃም። ከሥራ በቀረ ማግሥትም ለአሠሪው ማስታወቅ ይገባዋል። ራሱ መሄድ ካልቻለ ወንድም ወይም እኅት ይላክ፤ ወይም ስልክ ይደወል።

በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ለተጎዳ ሠራተኛ ሌላ ድንጋጌ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛም በሌላ ሕግ ይተዳደራል። እዚህ የምንናገረው ስለ ድርጅት ሠራተኛና ስለ ተራ ሕመም ነው።

ግብሩ

ገበሬ ግብሩን ራሱ ሄዶ ይከፍላል። የደመወዝ ግብር ግን እንዲህ አይደለም። አሠሪው ደመወዙን ሲከፍል ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል፤ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም ያስገባል። በሕመም ፈቃድ የሚከፈል ገንዘብም ደመወዝ ነውና ግብር አለበት። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ወጪ ግን ግብር የለበትም።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ግብር የማይነካው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለና እስከ 2,000 ብር ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው እንዲህ ይሰላል፦

ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ብር ላለው፣ 15 ከመቶ።
ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ብር ላለው፣ 20 ከመቶ።

ደመወዝ ከዚህ ከበለጠ ግብሩም ከፍ እያለ እስከ 35 ከመቶ ይደርሳል። 15 ከመቶ ማለት ከእያንዳንዱ 100 ብር 15 ብር ማለት ነው።

እስቲ እናስላ

አንድ ሠራተኛ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። እህል በየጎተራው እንደምንከፍል ሁሉ ደመወዙንም እንክፈለው።

የመጀመሪያው 2,000 ብር፣ ግብር የለውም።
ሁለተኛው 2,000 ብር በ15 ከመቶ፣ 300 ብር።
ሦስተኛው 2,000 ብር በ20 ከመቶ፣ 400 ብር።
ድምር ግብር፣ 700 ብር።

ይህ ሠራተኛ ታመመ። በመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ስለሚያገኝ ግብሩ ያው 700 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ግን የሚከፈለው 3,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው 2,000 ብር፣ ግብር የለውም።
ቀሪው 1,000 ብር በ15 ከመቶ፣ 150 ብር።

ልብ በሉ! ደመወዙ በግማሽ ሲቀንስ ግብሩ በግማሽ ብቻ አልቀነሰም። የ700 ብር ግማሽ 350 ነበር። ትክክለኛው ግብር ግን 150 ብር ነው። ለምን? በ20 ከመቶ የሚሰላው ጎተራ ባዶ ስለሆነ ነው። ግብር የሚሰላው በዚያ ወር በተከፈለው ገንዘብ ላይ ነው እንጂ ጤነኛ ሳለ ያገኝ በነበረው ላይ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛው በስሕተት እንደ ድሮው 700 ብር ቢቆርጥ፣ በሽተኛው 550 ብር ያጣል። ይህ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለመሳፈሪያ የሚሆን ነው።

የጡረታ መዋጮ ለብቻው የሚቆረጥ ነው። እዚህ ያሰላነው ግብሩን ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

የደመወዙን ወረቀት አንጣለው። የተከፈለውን ወር፣ ጠቅላላውን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር በየተራ እናንብብ። ከዚያ በራሳችን ደብተር እናስላ። ካልገጠመ፣ ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ሒሳብ ክፍሉን በትሕትና ይጠይቅ። መልስ ካጣ የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም የአካባቢውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያማክር። ግን አይዘግይ! የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል።

ጥያቄዎች

1. ደመወዟ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በሕመም ፈቃድ በሁለተኛው ወር ስንት ይከፈላታል? ግብሯስ ስንት ነው?

2. ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በአንድ ወር ውስጥ ለ15 ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ ለ15 ቀን በግማሽ ደመወዝ ተከፈለው። የወሩ ግብር ስንት ነው?

መልስ

1. 2,000 ብር ይከፈላታል። ግብር የለባትም።

2. 3,000 እና 1,500 ሲደመር 4,500 ብር ነው። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ላለው 300 ብር፣ ለቀሪው 500 ብር 100 ብር። የወሩ ግብር 400 ብር ነው።