ስለ ወንድ ሽቶ፤ ስለ ዑድና ስለ ነጋዴው ሚዛን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በመቀጠል፤

ምእመናን ሆይ፤ መልካም ሽታ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ዓለም ነገሮች ከወደዷቸው አንዱ ነበረ። ሽቶ ሲሰጧቸው እንደማይመልሱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ስለዚህ ልብሱን በዑድ ጢስ አጥኖ ከቤቱ የሚወጣውን ነጋዴ፣ ዓለምን አፍቃሪ ነው እያሉ የሚነቅፉት ሰዎች አልተሳካላቸውም። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ይህ ሽታ በምን ገንዘብ ተገዛ? ከምንስ ሚዛን ወጣ? አጠገቡ በቆመው ሰው ላይስ እንዴት ያርፋል? የሚለው ነው።

ቲርሚዚይና ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስ የወንድ ሽቶ ሽታው የሚገለጥ፣ ቀለሙ የሚሰወር መሆኑ ተነግሯል፤ የሴት ሽቶ ግን በዚህ ተቃራኒ ነው። ይህ የሴቲቱ ነገር ወደ አደባባይ በምትወጣበት ጊዜ እንጂ፣ በቤቷ ከባሏ ዘንድ ሳለች የወደደችውን ልትቀባ እንደምትችል ሊቃውንት አስረድተዋል። እንግዲህ ዑድ በዚህ መለኪያ የወንድ ሽቶ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጢሱ በልብስ ላይ ቀለም አይተውም፤ ሽታው ግን ከሰውየው ቀድሞ በደጃፍ ይገባል። የዑመር ልጅ ዐብደላህም (ረ.ዐ.) አንዳንድ ጊዜ ዑድን ያለ ድብልቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ካፉር ጨምረው ያጨሱ እንደ ነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲሁ ያደርጉ እንደ ነበር መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል።

ዑድ የሚለው ቃል በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው። ይህ እንጨት በህንድ በአሳም፣ በካምቦዲያ፣ በቬትናም፣ በማሌዢያና በኢንዶኔዢያ ደኖች ከሚበቅለው አኩዊላሪያ ከተባለው ዛፍ ይገኛል። ጤነኛው ዛፍ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ይህን የመሰለ መዓዛም የለውም። ነገር ግን ግንዱ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ዛፉ ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ሙጫውም በብዙ ዓመታት ውስጥ በእንጨቱ ዘልቆ ያጠቁረዋል፤ ያከብደዋልም። ከሁሉ የሚበልጠው ዓይነት ከክብደቱ የተነሣ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። የአላህን ጥበብ ተመልከቱ፤ ሰዎች በውድ ዋጋ የሚፈልጉት መዓዛ ከደዌ የተገኘ ነው። ደኑ በብዙ ስለ ተጨፈጨፈ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይነገዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። ይህን የምጽፈው ነጋዴው የዕቃውን መነሻ ማወቅ ስለሚገባው ነው።

አሁን ወደ መስጊድ እንግባ። ሰልማን አል ፋሪሲይ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ በጁሙዓ ቀን የታጠበ፣ የሚችለውን ያህል የጸዳ፣ ቅባት ወይም ከቤቱ ሽቶ የተቀባ፣ ከዚያም ወጥቶ በሁለት ሰዎች መካከል ያልገባ፣ የተጻፈለትን ሰግዶ ኢማሙ ሲናገር ያዳመጠ ሰው፣ እስከ ሌላው ጁሙዓ ያለው ኃጢአቱ እንደሚማርለት ተነግሯል። ወንድሜ ሆይ፤ የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውል። መታጠቡ ከሽቶው በፊት መጣ፤ ያልታጠበ ገላ ላይ የፈሰሰ ሽቶ እድፉን ሸፈነ እንጂ አላነጻውምና። ደግሞም በሽቶው አጠገብ፣ በዚያው ሐዲስ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎችን አለመለያየት ተጠቀሰ። ስለዚህ ሽቶ መቀባትና ጎረቤትን አለማስቸገር በአንድ አደራ ውስጥ ያሉ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጊድ እንዲርቅ የታዘዘው ሽታው ሰዎችንም መላእክትንም ስለሚያስቸግር ነው። የዑድ ሽታ ከዚህ ጋር እኩል ነው አልልም፤ መልካም ነገር ነውና። ነገር ግን አስም ያለበት ሽማግሌ ከጎንህ ቆሞ በሱጁድ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ጠረንህ መልካም ነው ማለት ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል? የዑድ ቅባት ብርቱ ነው፤ አንድ ጠብታ የሚበቃውን ሰው ሦስት ጠብታ አያሳምረውም።

በሐዲሱ ከቤቱ ሽቶ የሚለውም ቃል እንዲሁ አይታለፍም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሚስታቸው እንድታጌጥላቸው እንደሚወዱ ሁሉ እርሳቸውም ሊያጌጡላት እንደሚወዱ ይናገሩ ነበር። ከእኛ መካከል ግን ለሱቁና ለደንበኛው ዑድ አጭሶ፣ ማታ የላብና የጆንያ ሽታ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፍል በአንዲት ቶላ፣ ማለት በ12 ግራም ገደማ የዑድ ቅባት፣ የወር አስቤዛ የሚያወጣም አለ። የቤተ ሰብ ቀለብ ግዴታ ነው፤ ሽቶ ግን የተወደደ ነገር ነው። የተወደደው ግዴታውን ሊበላው አይገባም።

ከዑድ ነጋዴዎች አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «ከአስመጪ የገዛሁት ዑድ በርካሽ ዘይት የተነከረና ቀለም የተቀባ እንጨት መሆኑን ከጊዜ በኋላ አወቅሁ። ግማሹን ሸጬዋለሁ። ገዢዎቼ ሽታውን ወደዱት እንጂ ምን እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልዋሸሁም። የቀረውን ዝም ብዬ ብሸጥ ኃጢአት አለብኝን?»

መልሱ፤ አዎን፣ አለብህ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደ መታው ቢነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልልም ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። ያ ሰው በምላሱ አልዋሸም ነበር፤ ክምሩ ግን ዋሸለት። የአንተም ጥቁር እንጨት በሰሐኑ ላይ ተቀምጦ፣ ምላስህ ዝም ሲል እርሱ ይናገራል። ይህ ተንኰል አዲስ አይደለም። ሸይዘሪይ የተባሉት ሊቅ በ12ኛው መቶ ዓመት ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ የሽቶ ሻጮችን ማታለያ ለብቻው አንሥተው ጽፈዋል። ዛሬም በእንጨቱ ስንጥቅ እርሳስ ደብቆ ሚዛን የሚያከብድ፣ ቅባቱንም በሌላ ዘይት አቅጥኖ ንጹሕ ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። በቤተ ሙከራ የተሠራ ሽቶ መሸጥ ሐራም አይደለም፤ ሐራሙ ስሙን መለወጥ ነው።

እንግዲህ የቀረህን ዕቃ ነውሩን ተናግረህ፣ በሚገባው ዋጋ ሽጠው። ከገዙህ ሰዎች የምታውቃቸውን ፈልገህ ንገራቸው፤ ዕቃውን መልሰው ገንዘባቸውን ይውሰዱ ወይም ልዩነቱን ተቀብለው ያስቀሩት፤ ምርጫው የእነርሱ ነው። ፈልገህ ያጣሃቸውን ሰዎች ድርሻ በእነርሱ ስም ለድሆች ስጥ፤ ከመጡ ግን ሐቃቸው በአንተ ላይ ነው። ያታለለህን አስመጪም የመጠየቅ መብት አለህ። ኪሳራው እውነተኛ መሆኑን አንክድም፤ ምናልባትም የአንድ ዓመት ድካምህ ነው። ሆኖም ሻጭና ገዢ እውነት ቢናገሩና ነውሩን ቢገልጡ በንግዳቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ቢደብቁና ቢዋሹ ግን በረካው እንደሚነሣ ከሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) የተላለፈው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። መልካም ጓደኛ በሐዲስ የተመሰለው በሚስክ ሻጭ እንደ ሆነም አስብ፤ ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ ትገዛዋለህ፣ ወይም መልካም ሽታ ታገኝበታለህ። ይህ ማዕረግ ለአንተ ሙያ የተሰጠ ነው።

ይኸው ጠያቂ በዚህ ዓመት ሐጅ እንደሚሄድ ነግሮናልና አንድ ነገር እንጨምርለት። ኢሕራም ከገባ በኋላ ሽቶ መቀባት ክልክል ነው። ኢሕራም ከመግባቱ በፊት ግን ገላውን ቢቀባ፣ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ይፈቀድለታል፤ ኢማም ማሊክ ሽታው እንዲቆይ አልወደዱም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለኢሕራማቸው ትቀባቸው እንደ ነበርና፣ በኢሕራም ሳሉም የሚስኩን ጸዳል በጠጉራቸው መክፈያ ላይ ታይ እንደ ነበር ተናግራለች። የኢሕራሙን ጨርቅ ግን በዑድ አያጥነው፤ ገላውን ብቻ ይቀባ።