ስለ ተሳበ ጡንቻና ስለ መታሸት

በዚህ ገጽ ዘወትር የምናወሳው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ነው። ነገር ግን ዕርፍ የሚጨብጠውና ጆንያ የሚሸከመው የገበሬው ሰውነት ስለ ሆነ፤ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንነጋገራለን። ጤፉ ደርሶ ሳለ ጭኑ ወይም ወገቡ የተጎዳበት ገበሬ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቀው የሰብሉ መርገፍ ነው። ማታ ወጌሻ አስጠርቶ፤ ታሽቶ፤ በማግሥቱ ማጭድ ይዞ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ይህ መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ያስረዝመዋል።

ጡንቻ እንደ ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል በድንገት ብድግ ሲያደርጉ ወይም ቦይ ሲዘሉ፤ ከክሮቹ አንዳንዶቹ ይበጠሳሉ፤ ደም በውስጥ ይፈስሳል፤ ቦታውም ያብጣል። ኳስ ተጫዋቾች ስትራፖ የሚሉት ይህን ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ሕመም ደግሞ አለ። ብዙ ጊዜ ሳያጭዱ ቆይተው አንድ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ቢውሉ፤ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ሁለቱም ጭኖችዎና ወገብዎ ይጎትታሉ። ይህ የድካም ሕመም ነው፤ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። የተሳበ ጡንቻ ግን በዚያው ቅጽበት እንደ ጅራፍ ይመታል፤ ሕመሙ ባንድ ወገን ነው፤ ቦታውንም በጣት ማሳየት ይቻላል።

እንግዲህ መታሸት ይጠቅማል ወይ? ለድካም ሕመም መታሸት ያቀልላል፤ ከልካይም የለውም። ለተሳበ ጡንቻ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መታሸት አይገባም፤ የቆመው ደም እንደገና ይፈስሳልና፤ እብጠቱም ይብሳል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የመከር ናሙና ሲመዝን ባቱ ተስቦበት በዚያው ማታ ቢታሽ፤ በማግሥቱ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎታል። ከሦስት ቀን በኋላ በለስላሳ እጅ ቢታሹ ሕመሙ ይረግባል፤ የተኮማተረውም ይፍታታል። ይሁን እንጂ መታሸት የተበጠሰውን ክር ፈጥኖ እንደሚያድን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ቅቤውም ቢሆን እጅን ያንሸራትታል እንጂ ቆዳ አልፎ ጡንቻ አይጠግንም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራውን ያቁሙ። በረዶ ባይኖርም እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ ይበቃል፤ ሸክላው ውኃውን ያቀዘቅዘዋልና። ጨርቅ ነክረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያኑሩበት፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግሙት። እግር ከሆነ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ለዘብ አድርገው ጠቅልለው፤ ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። የጣቶቹን ጥፍር ጫን ብለው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ፤ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ፤ ማሰሪያው ጠብቋልና ወዲያው ይፍቱት። በእነዚህ ቀናት ሙቅ ውኃም ሆነ አረቄ አይጠቅምም።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ እስከ ፈቀደ ድረስ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በተለይ ወገቡ የተሳበበት ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መተኛት የለበትም፤ በደጅ ወዲያና ወዲህ ማለት ከመኝታ ይሻለዋል። ቀላል ጉዳት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፤ ከበድ ያለው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። በሬዎ ቢያነክስ በሦስተኛው ቀን ቀንበር አይጭኑበትም፤ ለራስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በሜዳ ሳያነክሱ ከሄዱ፤ ቀጥሎ ዳገት ይሞክሩ፤ ከዚያም በኋላ ሸክም፤ እርሱንም በግማሹ ጀምረው። ቸኩሎ የተመለሰ ሰው ያንኑ ቦታ ደግሞ ይጎዳዋል።

ሰብሉ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ጉዳቱ በደረሰ ዕለት ለወንፈል ጓደኞችዎ ይንገሩ፤ ሌሎቹ ሲያጭዱ እርስዎ ማጭድ ይስላሉ፤ አውድማም ይጠብቃሉ፤ ብድሩን በበልግ ወይም በእርሻ ወራት ይመልሳሉ። ለመጪው ጊዜም እህሉን በ50 ኪሎ ጆንያ ከፍለው መስፈር አይከፋም፤ አንዱን ኩንታል ብቻውን የሚያነሣ ጎበዝ በየመንደሩ ቢመሰገንም።

ወጌሻውን መንቀፍ አልፈልግም፤ ጥሩ እጅ ያላቸው አሉ። ነገር ግን ያበጠ እግር በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም ይከለክላል፤ በዚህ ምክንያት እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሰዎች ስላሉ ፈጽሞ አይፍቀዱ። በጉዳቱ ጊዜ የመበጠስ ድምፅ ከሰሙ፤ በጡንቻው ላይ ጎድጓዳ ቦታ ከታየ፤ ወይም እግርዎ መቆም ከተሳነው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ምንም ሳይመታ ያበጠና የሚያም ባት ካለ አያሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ያድርሱት። ወገቡን የታመመ ሰው ሽንት ቢከለክለው፤ ወይም ብሽሽቱና መቀመጫው ቢደነዝዝ፤ እስኪነጋ እንኳ ሳይቆይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በቃሬዛም ቢሆን።