ስኮላርሺፕ፦ ስጦታ፣ ብድር ወይስ አማና?

 

በየዓመቱ ጥር ሲገባ በዶርማችን አንድ ወሬ ይነሳል፤ «ስኮላርሺፕ ተከፈተ» ይባላል። ሊንኩ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ሁለት ሦስት ቀን ስለ ውጭ አገር እናወራለን፤ ከዚያ ፈተና ይመጣና ሁሉም ይረሳል። ቆርጠው ካመለከቱት መካከል ደግሞ ውጤታቸው እየበቃ በወረቀት ስህተት የወደቁ እናውቃለን፤ እኛም ከእነሱ ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንማማራለን። ስኮላርሺፕ በዲናችን ዓይን ምንድን ነው? ከእኛ በፊት የነበሩት እንዴት ተጠቀሙበት? እኛስ ሳንዋሽና ሳንሳሳት እንዴት እናመልክት?

ከደረሳው ጎጆ እንጀምር

እኛ ከቆቦ ቆላ የመጣን ልጆች ነን። ማለዳ ሉሕ ይዘን መድረሳ፣ ከዚያ ደብተር ይዘን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ነው ያደግነው። ስኮላርሺፕ የሚለውን ቃል ከመስማታችን በፊት ነገሩን በዓይናችን አይተነዋል። ደረሳ ኪታብ ሊቀራ ከሩቅ አገር ሲመጣ የሚበቃ ስንቅ አይኖረውም። ሸሁ ክፍያ አይጠይቁትም። መንደሩ ያበላዋል፤ የማሽላ እንጀራውም፣ ንፍሮውም ከየቤቱ ይወጣል፤ ጎጆውም በሰው ጉልበት ይሠራል። በራያ አና፣ በየጁ ዳና የቂርአት ቦታዎች ሆነው ስማቸው ሩቅ የተሰማው ሕዝብ ደረሳን እያበላ ስላኖረ ነው።

ደረሳውን «የበላኸውን መቼ ትመልሳለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ። ቂርአቱን ሲጨርስ እሱም በተራው ያቀራል። ዕዳውን የሚከፍለው ላበሉት ሰዎች ሳይሆን ከኋላው ለሚመጣው ደረሳ ነው። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ከአገራችን እስከ አል-አዝሀር

ይህ ደንብ በመንደር ብቻ አልቀረም። ቀድሞ የኢፋትና የዘይላ አካባቢ ሙስሊሞች «ጀበርት» ይባሉ ነበር። በካይሮ አል-አዝሀር መስጂድ ተማሪዎች እንደየመጡበት አገር የሚያርፉበት ቦታ ነበራቸው፤ ሪዋቅ ይባላል። ከሪዋቆቹ አንዱ ሪዋቀል ጀበርት ነበር፤ ከእኛ አገር በኩል ለሄደው ተማሪ ማረፊያው እዚያ ነው። የሪዋቅ ተማሪዎች የዕለት ዳቦና ሌላው ወጪ የሚሸፈነው በአብዛኛው ሰዎች ለዕውቀት ብለው ወቅፍ ካደረጉት ንብረት ገቢ ነበር።

የግብፅን ታሪክ በመጻፍ የታወቁት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ ከጀበርት ነው፤ ቤተሰባቸውም ሪዋቁን ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ መርቷል። እኛን የኢንጂነሪንግና የሳይንስ ተማሪዎችን ይበልጥ የሚመለከቱን ግን አባታቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1774 ያረፉት እኚህ ዓሊም በፊቅህ ብቻ ሳይሆን በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክ፣ በሚዛንና በመለኪያ ዕውቀት የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው በታሪክ መጽሐፋቸው እንደመዘገቡት ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጂኦሜትሪ ተምረውባቸዋል። ለስደተኛ ተማሪ ተብሎ በተሰጠ ማደሪያና ዳቦ የጀመረ ቤተሰብ ለሌላው ዓለም አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። «ሳይንስ የሌላ ሰው ነው፤ የእኛ ኪታብ ብቻ ነው» የሚል ወንድም ቢያጋጥማችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት።

በዘመናችን የታየው መልክ

ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅዳ የሆነው የእስላማዊ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ መርሐ ግብር ጀመረ። የባንኩ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች ልጆች የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስተማሪያ ነው። ኢትዮጵያ የባንኩ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ የእኛም ልጆች በዚህ በር ገብተው ተምረዋል። መርሐ ግብሩ ትኩረት ያደረገው እንደ ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግና ግብርና ባሉ ሙያዎች ላይ ነው።

ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ለተማሪው ወለድ የሌለው ብድር፣ ማለትም ቀርድ ሐሰን ነው፤ ለማኅበረሰቡ ግን ስጦታ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በትንሽ በትንሹ ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለባንኩ አይደለም፤ በአገሩ ለሚቋቋም የአደራ ገንዘብ ነው። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ተማሪ ይማራል። የደረሳው ደንብ በባንክ ቋንቋ ተጻፈ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም።

የተሰጠን ገንዘብ ከየትኛው ነው?

እንግዲህ የተማሪ ድጋፍ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ስጦታ ነው፤ መልሱ አይባልም። ሁለተኛው ወቅፍ ነው፤ ሰጪው «ለእንዲህ ዓይነት ተማሪ ይሁን» ብሎ መስፈርት አስቀምጧል፤ መስፈርቱን የማያሟላ ሰው እጁን ማስገባት አይገባውም። ሦስተኛው ብድር ነው፤ ይመለሳል። ወለድ ያለበት የትምህርት ብድር ሲያጋጥመን ከመፈረማችን በፊት ዑለማ እንጠይቅ።

ብድር የሚለውን ስንሰማ ብዙዎቻችን «እኔ ምንም አልተበደርኩም» እንላለን። ተበድረናል! በየዓመቱ የምንፈርመው የወጪ መጋራት ቅጽ ውል ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተደንግጎ ነበር። ይህንንም ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ደንቡ ያዝዝ ነበር። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ 282፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። ሰው ሲሞትም ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። በአላህ ዘንድ ይህን ያህል ክብደት ያለውን ነገር እኛ በሰልፍ ላይ ቆመን፣ ሳናነብ፣ የጓደኛችንን ጀርባ ጠረጴዛ አድርገን እንፈርማለን። ቢያንስ መጠኑን እንመዝግብ፤ ቅጂውንም እንያዝ። ለመክፈልም ከአሁኑ እንነይት።

እኛ የወደቅንበት

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ለአንድ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ለማመልከት ተነሳን። ጦርነቱ ከትምህርት ያቋረጠን ጊዜ ቁጭት አሳድሮብን ነበር። ሦስታችንም አልተሳካልንም፤ የወደቅንበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛችን የተወለደው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቅጹን ሲሞላ ያንኑ 1996 ጻፈ። ቅጹ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የ19 ዓመቱ ልጅ የ27 ዓመት ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሜው አለፈ ተባለ። ሁለተኛው በመድረሳ የወጣለት ስም «ሙሐመድ» ነው፤ በትምህርት ቤት ሰነዱ ላይ «መሀመድ» ተብሏል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ ሁለት የተለያየ አጻጻፍ ሆነ። አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት ሳይችል ቀኑ አለቀ።

የሦስተኛው ይለያል። ማመልከቻው የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ይጠይቃል። አንድ የምናውቀው ሰው «ቤተሰቡ ምንም መሬት የለውም» የሚል ደብዳቤ ሊያጽፍልን እንደሚችል ነገረን። የጓደኛችን አባት ግን ሁለት ጥማድ የማሽላ መሬት አላቸው። ሦስታችንም ተሰብስበን ነገሩን ልናስረዳቸው ሄድን። «አባባ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አልናቸው።

እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጆቼ፣ ጎርፍ ከተራራ ሲወርድ የላይኛው ሰው ተራው አልፎ ቦዩን እንደዘጋ ቢቆይ የታችኛው ማሽላ ምን ይሆናል?» አሉን።

«ይደርቃል።»

«ይህም ገንዘብ እንደ ውሃው ነው። ከታቻችሁ ማን እንዳለ አታውቁም። ውሃው ላይ የውሃ አባት ቆሞ ይዳኛል፤ በዚህኛው ላይ የሚዳኛችሁ አላህ ብቻ ነው። ያለንን የለንም አልልም።»

የራያን ቆላ የሚያውቅ ይህ ንግግር ይገባዋል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በቦይ ተጠልፎ በተራ እርሻ ያጠጣል፤ ተራ የማይጠበቅበት ቦይ ጠብ ነው የሚያመጣው። ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። ጓደኛችን እውነተኛውን ገቢ ሞልቶ ላከ፤ አልተመረጠም። ያን ቀን በአባቱ ማዘናችንን አንደብቅም።

ከወራት በኋላ በዚያው ዙር ከሌላ ቀበሌ አንዲት እህት እንደተመረጠች ሰማን። አባቷ የሞቱባት፣ እናቷ ጠላ ሳይሆን ቡና አፍልታ እየሸጠች ያሳደገቻት ልጅ ናት። የእኛ ውሸት የእሷን ቦታ ይወስድ ነበር ብለን መማል አንችልም። አይወስድም ብለንም መማል አንችልም። ከታቻችን ማን እንዳለ አታውቁም ማለት ይህ ነበር። ዛሬ ሦስታችንም የወጪ መጋራት ፈርመን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንማራለን፤ አልሐምዱሊላህ፤ ልባችንም ንጹሕ ነው።

ለማመልከት ስንነሳ

ስህተታችን ለሌላው ትምህርት እንዲሆን የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ስማችን ከነአባትና ከነአያት በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ልዩነት ካለ ስኮላርሺፕ ሳይከፈት በፊት እናስተካክል፤ ማስተካከል ቀን ይፈጃል።

2. የልደት ቀንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንለውጥ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑንም እንለውጥ፤ ሌላ ሰውም ያረጋግጥልን።

3. ቀኑን አስቀድመን እንወቅ። ለምሳሌ «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» የተባለው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና ትምህርቶች 90 በመቶ ይጠይቃል። የትምህርት ክፍያ፣ የወር ወጪ፣ ማደሪያ፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል።

4. ለማመልከት ገንዘብ አንክፈል። ከላይ የጠቀስነው ስኮላርሺፕ ማመልከቻው ነፃ ነው። «በገንዘብ አስገባችኋለሁ» የሚለውን ደላላ እንራቅ፤ ቢሳካ ጉቦ ነው፤ ባይሳካ ኪሳራ ነው።

5. የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ከሰው አንቅዳ። ስለ ቆላችን ውኃ እጥረት፣ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ፓምፕ፣ ስለ ማሽላችን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ያየነውን ችግርና ልንሠራ የምንፈልገውን በቀላል ቋንቋ እንጻፍ።

6. ለተመራቂዎች፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕድል ካለፈን በሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ የተከፈተው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስና ኢንጂነሪንግ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚቀበላቸውን ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይችላል። ለዚያ የሚያበቃው ግን የዛሬው ውጤታችን ነው።

አንድ ሐሳብ ለጀመዓችን

ደረሳው ቂርአቱን ሲጨርስ ያቀራል ብለናል። እኛም ተመርቀን ሥራ እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም። በክረምት ወደ ቆቦ፣ ወደ ሮቢትና ወደ ጎብዬ ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይዘን ሰነዱን እንመርምርለት፤ ስሙን፣ የልደት ቀኑን እናመሳክርለት። ለእህቶች እህቶች ይድረሱ፤ ከቤት ርቀው መረጃ የሚጠይቁበት ዕድል ከወንዶቹ ያነሰ ነውና። ከጀመዓችን የሚመረቁት ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ጥቂት አውጥተው ለሰነድ ማረጋገጫና ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ የአደራ ሣጥን ቢጀምሩ፣ ገንዘቡ በጽሑፍና በምስክር ይያዝ። ትልቁም ወቅፍ የሚጀመረው በትንሽ ነው።

እንግዲህ በርዕሱ ለጠየቅነው መልሱ ይህ ነው። ሰጪው ስጦታ ይበለው ብድር፣ በእጃችን ሲገባ አማና ነው። በእውነት እንውሰደው፤ በትጋት እንማርበት፤ ተራችን ሲያልፍ ቦዩን ለሚቀጥለው እንክፈት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሲሳይ ይስጠን፤ ዕዳችንንም የምንከፍል ያድርገን። አሚን።