የሰርቨር ሜሞሪ እየባከነ ሲያልቅ መጣፊያ ስለ ማግባት

ሜሞሪ ማለት ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርበት ስፍራ ነው። ፕሮግራም ሁሉ ለሥራው የሚበቃውን ከዚህ ይበደራል፤ ሥራውን ሲጨርስም ይመልሳል። ተበድሮ የማይመልስ ሲገኝ ግን ጉድለቱ ሜሞሪ ሊክ ይባላል። ነገሩ ስልቻ እየተዋሰ እንደማይመልስ ጎረቤት ነው፤ ዛሬ አንድ፥ ነገ ሁለት ሲወስድ አይታወቅም፤ በመከር ቀን ግን እህሉ በአውድማ ሳለ መያዣ ይታጣል።

የዚህ ምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ታይቷል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 3 ቀን ለዊንዶውስ ሰርቨር ያወጣው አፕዴት የጸጥታን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ጉድለት አመጣ። ዶሜይን ኮንትሮለር በሚባሉት ሰርቨሮች የሰውን ማንነት የሚያረጋግጠው ኤልሳስ የሚባል ፕሮግራም፥ በኬርቤሮስ ሥርዐት የሚመጣለትን የመግቢያ ጥያቄ ሲያስተናግድ የወሰደውን ሜሞሪ አይመልስም ነበር። ሜሞሪው ባለቀ ጊዜ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ሰርቨሩም ማንም ሳያዝዘው ጠፍቶ ይነሣል። ሌላ ሰርቨር የሌለው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ሠራተኞቹ ከደጅ ይቀራሉ።

ሰርቨሩን በየጊዜው አጥፍቶ ማስነሣት ሜሞሪውን ያስመልሳል እንጂ ተበዳሪውን አያርመውም። አፕዴቱን ነቅሎ መጣልም ብክነቱን ያቆማል፤ ነገር ግን የተደፈነውን ቀዳዳ መልሶ ለሌባ ይከፍታል። ስለዚህ እውነተኛው መድኀኒት ፓች የሚባለው መጣፊያ ነው። ይኸውም ለዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ቁጥሩ ኬቢ5037422 ሆኖ መጋቢት 13 ቀን፥ ለዊንዶውስ ሰርቨር 2019 መጋቢት 16 ቀን ወጣ። በራሱ የሚገባ ስላልነበረ ባለሙያው ከማይክሮሶፍት ካታሎግ ማውረድ ነበረበት።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገጥም የሥራው ተራ ይህ ነው።

1ኛ፤ ተስክ ማናጀርን ከፍቶ እያንዳንዱ ፕሮግራም የያዘውን የሜሞሪ ልክ በየሰዓቱ መጻፍ። ሳይወርድ ዕለት ዕለት የሚጨምር ቢገኝ ተበዳሪው ታወቀ።

2ኛ፤ መጣፊያው ሳይገባ የሰርቨሩን ቅጅ በሌላ ስፍራ ማኖር፤ ቅጅውም በርግጥ እንዲመለስ መፈተን።

3ኛ፤ ለሰርቨሩ ዐይነት የተሠራውን መጣፊያ መርጦ አስቀድሞ በአንዱ ላይ ብቻ ማግባት፤ ሌላው በዚያ ጊዜ ሥራውን ይይዛል።

4ኛ፤ ሰርቨሩን አስነሥቶ ልኩን ለብዙ ቀን እንደ ገና መጻፍ። ከፍ ብሎ ተመልሶ ዝቅ የሚል ከሆነ ድኗልና በቀሩት ላይ ማግባት ይገባል።

ለአለቃው «መጣፊያው ገብቷል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃውም፤ በፊትና በኋላ የተጻፈውን ልክ አስቀርቦ ያስተያይ። ጉድለቱን ያመጣው አፕዴት መሆኑም አፕዴትን ሁሉ እንዲንቅ አያደርገውም፤ በአንዱ ሳይፈትን በሁሉ ላይ እንዳያገባ ያስተምረዋል እንጂ።