የቡድሃ ሃይማኖት ዋና ዋና ክፍሎችና የትምህርታቸው ልዩነት

በዓለም ከታወቁት ታላላቅ ሃይማኖቶች አንዱ የቡድሃ ሃይማኖት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የስሪ ላንካው መነኩሴ፥ የጃፓኑ ነጋዴና የቲቤቱ ላማ ኹሉም አንድ ዐይነት እምነት ያላቸው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። የሰውን ሃይማኖት ሳይመረምሩ መንቀፍም ኾነ ማመስገን የዐዋቂ ሥራ አይደለምና፥ መምህር ስለ ሩቅ ሕዝብ ሲያስተምር ያ ሕዝብ ቢሰማው «እውነት ነው፥ እምነታችን ይህ ነው» ብሎ የሚመሰክርለትን ሊናገር ይገባዋል። ስለዚህ ሦስቱን ዋና ክፍሎች በየተራ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ኹሉም የሚስማሙበት ትምህርት

ቡድሃ ማለት «የነቃ» ማለት ነው፤ ይኸውም የማዕርግ ስም እንጂ የልደት ስም አይደለም። የልደት ስሙ ሲዳርታ፥ የወገኑም ስም ጎታማ ነው። የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ዓመት፥ ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር፥ ሉምቢኒ በተባለ ስፍራ ነው። ታሪኩ እንደሚናገረው በድሎት ሲያድግ ሳለ ሽምግልናን፥ ደዌንና ሞትን ባየ ጊዜ ልቡ ታወከ፤ ሚስቱንና ልጁንም ትቶ መነነ። ሥጋውን በጾም እጅግ ካደከመ በኋላ፥ ድሎትም ኾነ ራስን ማሠቃየት እንደማይጠቅም ተረድቶ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ቦድ ጋያ በተባለ ስፍራ ከሾላ ወገን በኾነ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲመራመር እውነትን አገኘ፤ በቤናሬስ ከተማ አጠገብም ለአምስት ባሕታውያን ማስተማር ዠመረ። በ80 ዓመቱም ዐረፈ።

ትምህርቱ በአራት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፥ ኑሮ መከራ አለበት። ኹለተኛ፥ የመከራው ሥር ምኞት ነው። ሦስተኛ፥ ምኞት ሲጠፋ መከራም ይጠፋል። አራተኛ፥ ወደዚህ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ፤ እርሱም ቀና አስተያየት፥ ቀና አሳብ፥ ቀና ንግግር፥ ቀና ሥራ፥ ቀና መተዳደሪያ፥ ቀና ትጋት፥ ቀና ማስተዋልና ቀና ተመስጦ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ እንደ ሥራው ዳግመኛ ይወለዳል፤ ከዚህ መመላለስ የሚያወጣውም ኒርቫና ነው። ኒርቫና ማለት መብራት እንደሚጠፋ መጥፋት ማለት ሲኾን፥ የሚጠፋው የስስት፥ የጥላቻና የድንቍርና እሳት ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ መምህራን ማስተዋል ይገባቸዋል። የቡድሃ ተከታዮች ዓለምን የፈጠረ አንድ አምላክ አለ ብለው አያስተምሩም፤ የማትለወጥ ነፍስ አለች ብለውም አያምኑም። በዚህ ከክርስትናም ከእስልምናም ይለያሉ።

2ኛ፤ የመከፋፈሉ ምክንያት

ቡድሃ በእጁ የጻፈው መጽሐፍ የለም። ደቀ መዛሙርቱ ትምህርቱን በቃላቸው አጥንተው ከአፍ ወደ አፍ አስተላለፉት። ከሞተ በኋላም ስለ ገዳም ሥርዐትና ስለ ትምህርቱ ትርጓሜ ክርክር ተነሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሕንድ ንጉሥ አሾካ፥ ካሊንጋ የተባለውን አገር በጦር ከያዘ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደም ተጸጽቶ ይህን ሃይማኖት ደገፈ፤ ጸጸቱንም በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ብዙ አገር ስለ ተስፋፋ፥ በየአገሩ ቋንቋና ልማድ መልኩ ተለዋወጠ።

3ኛ፤ ቴራቫዳ

ቴራቫዳ ማለት «የሽማግሎች ትምህርት» ማለት ነው። በስሪ ላንካ፥ በምያንማር፥ በታይላንድ፥ በላኦስና በካምቦዲያ ይገኛል። መጻሕፍቱ ፓሊ በሚባል ቋንቋ ሲኾኑ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት በስሪ ላንካ እንደ ተጻፉ ይነገራል። ለእነዚህ ሰዎች ቡድሃ መንገዱን ያሳየ መምህር ነው እንጂ ጸሎት ሰምቶ የሚያድን አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ትጋት ይድናል። ከምኞት ፈጽሞ የተፈታውን «አራሃት» ይሉታል። መነኮሳቱ 227 ሕግ ይጠብቃሉ፤ ጧት ምግብ ይለምናሉ፥ ከቀትር በኋላም እህል አይቀምሱም። በታይላንድ ብዙ ወጣቶች አንድ ክረምት መንኵሰው ወደ ቤታቸው የመመለስ ልማድ አላቸው።

4ኛ፤ ማሃያና

ማሃያና ማለት «ታላቁ ሠረገላ» ማለት ነው። የተነሣው በክርስቶስ ልደት ዘመን ገደማ ሲኾን፥ በቻይና፥ በኮርያ፥ በጃፓንና በቬትናም ጸና። ተከታዮቹ የፊተኞቹን ወገኖች «ትንሹ ሠረገላ» ብለው ጠርተዋቸዋል፤ ይህ ግን የንቀት ስም ስለ ኾነ መምህራን ለቴራቫዳ ሊጠሩበት አይገባም።

ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ ማሃያናዎች የሚያከብሩት ለራሱ ብቻ የዳነውን ሳይኾን ቦዲሳትቫን ነው። ቦዲሳትቫ ፍጥረት ኹሉ እስኪድን ድረስ ሊረዳ የተሳለ ነው። ወንዝ ሞልቶ ሳለ አንዱ ዋኝቶ ቢሻገር መልካም ነው፤ ሌላው ግን ሕዝቡ ኹሉ ሳይሻገር አልሄድም ብሎ ይመላለሳል። ቴራቫዳዎችም ለዚህ መልስ አያጡም፤ ራሱ ዋና ያልተማረ የሚሰጥመውን ሊያወጣ አይችልም የሚል ነው።

ኹለተኛው ልዩነት፥ በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው የሕንድ ፈላስፋ ናጋርጁና ያስፋፋው የባዶነት ትምህርት ነው። ይኸውም ማናቸውም ነገር በሌላው ተደግፎ ይኖራል እንጂ በራሱ የቆመ ምንም የለም የሚል ነው።

ማሃያናም በውስጡ ተለያይቷል። በጃፓን ሺንራን (1173–1263) የሰው ትጋት ስለማይበቃ አሚዳ የተባለውን ቡድሃ ስሙን በእምነት መጥራት ይገባል ብሎ አስተማረ፤ እርሱም መነኩሴ ሲኾን ሚስት አገባ። በዚያው ዘመን የነበረው ዶጌን (1200–1253) ግን የዜንን መንገድ ይዞ ዝም ብሎ በተመስጦ መቀመጥን አጸና። አንዱ በሌላው ርዳታ፥ አንዱ በራሱ ተግሣጽ፥ ኹለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ።

5ኛ፤ ቫጅራያና

ቫጅራያና ማለት «የአልማዝ ሠረገላ» ማለት ነው። ሥሩ ከማሃያና ነው፤ በቲቤት፥ በሞንጎልያና በቡታን ይገኛል። ወደ ቲቤት በጽኑ የገባው በ8ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህ ወገን ሌሎች በብዙ ልደት የሚደርሱበትን ግብ በአንድ ዕድሜ ለመድረስ ይቻላል ይላል፤ ለዚህም ምስጢራዊ ቃል መድገምን፥ ሥዕልን በልብ መሳልንና የእጅ ምልክትን ይጠቀማል። መንገዱ ያለ መምህር ስለማይያዝ ላማ የተባለው መምህር እጅግ ይከበራል። ከላሞች ስመ ጥሩው ዳላይ ላማ ነው፤ ስሙን በ1578 የሞንጎል ገዢ አልታን ካን ሰጠ። 14ኛው ዳላይ ላማ በ1959 ከቲቤት ወጥተው ወደ ሕንድ ተሰደዱ።

6ኛ፤ ይህ ታሪክ ወደ አገራችን እንደ ደረሰ

የግእዝ መጻሕፍት ያነበቡ ሽማግሎች «በራላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ያውቁታል። በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። በመጽሐፉ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ መከራን እንዳያይ በእልፍኝ ዘግቶ ያሳድገዋል፤ ልጁ ግን ደዌን፥ ሽምግልናንና ሞትን ዐውቆ ይመንናል። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ ይህ ታሪክ ከቡድሃ ሕይወት የወጣ ሲኾን በየአገሩ ሲተረጐም የክርስቲያን መጽሐፍ ኾኗል። «ይዋሴፍ» የሚለውም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በዐረብኛ «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለዩ ፊደሉ ተለወጠ። እንግዲህ ሩቅ የመሰለን ነገር በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ኖሯል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ሦስቱ ክፍሎች የሚስማሙበት ትምህርት ምንድር ነው?
2ኛ፤ አራሃትና ቦዲሳትቫ በምን ይለያሉ?
3ኛ፤ የሺንራን ትምህርት ከዶጌን ትምህርት በምን ይለያል?
4ኛ፤ «ትንሹ ሠረገላ» የሚለውን ስም ለቴራቫዳ መጠቀም ስለ ምን አይገባም?