ከአንዱ ጥይት እስከ ሁለተኛው

ክረምቱ ሲበረታ ጉም ከወንጪት ሸለቆ እየተነሳ ወረኢሉን ያለብሳታል። ጅብ የሚደፍረውም ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሰሞን ሁለት በጎች የተበሉበት አንድ ወጣት፣ ለጠመንጃ መግዣ የቋጠረውን ብር ይዞ አያቱ ቤት ገባ። ቡናው አቦል ላይ ነበር። ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል።

ልጅ፦ አባባ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ጠመንጃ ልገዛ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ራሱን የሚያቀባብለውን ግዛ ይሉኛል። እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ የያዙት በእጅ የሚቀባበለውን ነው። የትኛው ይሻለኛል?

አያት፦ ለምን ፈለግኸው?

ልጅ፦ ለጅብ። በጎቼን ልጠብቅበት።

አያት፦ እንግዲያው ለበረት የሚሆነውን እንነጋገር። የሁለቱን ልዩነት ታውቀዋለህ?

ልጅ፦ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ነው።

አያት፦ እሱ ውጤቱ ነው፤ ምክንያቱን ስማ። ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። እንደ ሲሞኖቭ፣ ወይም የጃንሆይ ጦር ይዞት እንደነበረው ኤም ዋን ባለው ጠመንጃ፣ ከጋዙ ጥቂቱ በበርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋል። ቀለሁ ይወረወራል፤ ሞላው መዝጊያውን ሲመልሰው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ላንተ የሚቀርህ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። በእጅ በሚቀባበለው ግን ይህን ሁሉ የምትሠራው አንተ ነህ። እጀታውን ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ይወድቃል፤ ወደ ፊት ትገፋለህ፣ ወደ ታች ትቆልፋለህ።

ልጅ፦ ታዲያ መሣሪያው ራሱ የሚሠራውን እኔ ለምን እደክምበታለሁ? ያረጀ ነገር አይደለም?

አያት፦ አርጅቷል አትበል፤ ይህ አገር የተሠራበት ነው። መቅደላ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ እንግሊዞች እዚያ ሲደርሱ የያዙት ስናይደር ነበር፤ እኛ ሰናድር ያልነው። ከኋላ የሚጎርስ፣ ቶሎ የሚሞላ ነው። የአጤ ቴዎድሮስ ወታደር ግን ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዝ እየጠቀጠቀ ነበር የሚሞላው። እሮጌ ሜዳ ላይ ከእኛ ሰባት መቶ ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእነሱ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ያኔ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ አየ።

ልጅ፦ አጤ ምኒልክም ይህን አይተው ነው ጠመንጃ የሰበሰቡት?

አያት፦ ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይላል! ምኒልክ የዓድዋውን ክተት ሲያውጁ ሰዉ በጥቅምት እኩሌታ የት ይገናኝ አሉ? እዚሁ ወረኢሉ። ያኔ እዚህ ከሰፈረው ሠራዊት ብዙው ውጅግራ ነበር የያዘው። ፈረንሳዩ ግራስ ያወጣው፣ አሥራ አንድ ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። በተኮስክ ቁጥር ሌላ ጥይት ከዝናርህ አውጥተህ በእጅህ ታገባለህ። ጣሊያኖቹም ቢሆኑ የያዙት አራት የሚጎርስ ቬተርሊ ነበር፤ እሱም በእጅ ይቀባበላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በሁለቱም ወገን ከአንዱ ጥይት እስከ ሁለተኛው ድረስ የሰው እጅ ነበረ።

ልጅ፦ ታዲያ እኔም ውጅግራ ፈልጌ ልግዛ?

አያት፦ የለም፣ የለም። ከታሪኩ የምትወስደው ሌላ ነገር ነው። ጠመንጃ ያለ ጥይት ዱላ ነው። ያ ሁሉ ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ ዛሬ ግድግዳ ላይ የቀረው ተበላሽቶ አይደለም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ጥይት አለው፣ ጥይቱም እየጠፋ ሄደ። የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ መልኩ ቢመሳሰልም በግድ ማጉረስ መሣሪያውን በፊትህ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጠመንጃውን ከመምረጥህ በፊት በሕጋዊ መንገድ የምታገኘው ጥይት የትኛው እንደሆነ እወቅ፤ ቀጥለህ እሱን የሚተኩስ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ፈልግ።

ልጅ፦ ካገኘሁ በኋላስ ምኑን አያለሁ?

አያት፦ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መዝጊያውን አውጣና በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረህ ከኋላ በኩል እይ። ውስጡ እንደ መስታወት ካበራ ደግ ነው፤ እንደ ፈንጣጣ ከተበሳሳ ተወው። የድሮ ጥይት ጨው ስለሚተው በርሜል ይበላል። በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት የሚቀባ ባለቤት የነበረው ጠመንጃ መቶ ዓመት ይኖራል። ሰደፉ እንዳልተሰነጠቀ፣ መዝጊያው ሲቆለፍ እንደማይንገዳገድ ተመልከት። ስታቀባብል ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳብ። ፈርተህ ግማሽ መንገድ ከሳብክ ቀለሁ ሳይወጣ ሌላ ጥይት ይመጣና ይነክስብሃል።

ልጅ፦ በክረምትና በጭቃስ አያስቸግርም?

አያት፦ እሱ ነው አንዱ ጥቅሙ። የሚሰበር ብረት፣ የሚደፈን የጋዝ ቀዳዳ፣ የሚደክም ሞላ ጥቂት ነው። ጥይት ቢከሽፍ እጀታውን ሳብ አድርገህ ታወጣዋለህ። የሚፈታው በጣት ነው፤ ማታ ቡና እስኪፈላ ጠርገህ ትጨርሳለህ።

ልጅ፦ በስልኬ አንድ ነገር አንብቤ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ በ1988 ዓ.ም. አንድ ሰው ፖርት አርተር በሚባል ቦታ ሠላሳ አምስት ሰው ገደለ። መንግሥቱ ራሳቸውን የሚያቀባብሉትን ከሕዝቡ እየገዛ ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል መሣሪያ ሰበሰበ። ኒውዚላንድም በ2011 ዓ.ም. ክራይስትቸርች ላይ ለጁምዓ የተሰበሰቡ ሃምሳ አንድ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ አብዛኞቹን ከለከለች። ለገበሬው ግን በእጅ የሚቀባበለውን ተዉለት።

አያት፦ አላህ ይዘንላቸው። አየህ፣ እነሱም በግ አርቢ ናቸው፤ አውሬም አለባቸው። ለበጉ የሚበቃውን ከሌላው ለዩት። የእኛም አገር ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ሳታገኝ ብርህን ለማንም እንዳትሰጥ። አውሬ መግደልም የራሱ ሕግ አለው። ወደ መካነ ሰላም በኩል፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የለም፤ የቀረው አምስት መቶ አይሞላም። የሚበላው ፍልፈል ነው። በጉም ውስጥ ተራ ቀበሮ መስሎህ እሱን ብትገድል ለልጅ ልጅ የሚተርፍ በደል ነው።

ልጅ፦ እውነቱን ይንገሩኝ አባባ። ጅቡን ብስተውና ወደ እኔ ቢመጣ፣ ፈጣኑ አይሻልም ነበር?

አያት፦ እውነት ነው፣ ሁለተኛው ጥይት ቶሎ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ አልክድህም። ግን እኔ የማውቀው የተገላቢጦሹን ነው። ይህን ለማንም አላወራሁም። ጎረምሳ ሳለሁ፣ እንዲህ ባለ ጉም ሌሊት፣ ውሻው ጮኸ። ያን የተሰቀለውን ይዤ ወጣሁ። ከበረቱ ጥግ ጎንበስ ያለ ጥቁር ነገር ታየኝ። ተኮስኩ፤ ሳትኩት። እጀታውን አንስቼ ሳብኩ፣ ቀለሁ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጮኸ፣ ገፋሁት፣ ልቆልፍ ስል ያ ጥቁር ነገር "ኧረ እኔ ነኝ!" አለ። ጎረቤቴ ነበር፤ ጋቢውን ተከናንቦ የጠፋች አህያውን ይፈልግ ነበር።

ልጅ፦ ያ ረቢ!

አያት፦ ጣቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሠራው፣ ሁለተኛው ጥይት ከድምፁ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ዛሬ በቤታችን ደም ይኖር ነበር። ደም ደግሞ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ የሚጠብቅህ ዕዳ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ የወጣውን ግን ሽማግሌም አይመልሰው።

ልጅ፦ እንግዲህ ጠመንጃው አዳነዎት።

አያት፦ እንዲያ አትበል! ጠመንጃው ምን ልብ አለው? የመጀመሪያውን ጥይት የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ሳላይ ነው የተኮስኩት። ጥፋቱ ያ ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ከሁለቱም ጠመንጃ እኩል ትወጣለች፤ እሷን የሚጠብቅ ዓይንህ ብቻ ነው። በእጅ የሚቀባበለው የሰጠኝ አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ናት። እኔ በእጅ የሚቀባበለውን ያዝ የምልህ ለእሷ ነው። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውም ያቺ ትንፋሽ ብትኖረው፣ የወጣው እርሳስ የሆነ ቦታ ተመልሶ እንደሚወድቅ ያስታውስ ነበር።

ልጅ፦ ገባኝ። እንግዲያው ነገ ፈቃድ ልጠይቅ ልሂድ?

አያት፦ ነገስ ሌላ ሥራ አለህ። ከቋጠርከው ብር ላይ ትንሽ ፈታ አድርግና ብርሃኑ ሩቅ የሚደርስ የእጅ ባትሪ ግዛ። የበረቱን ካብ በአንድ ክንድ ከፍ አድርገው፤ አናቱን በእሾህ ክደነው። ያኔ እኔ ባትሪ ቢኖረኝ ያቺንም የመጀመሪያ ጥይት አልተኩስም ነበር።

ልጅ፦ ከዚያ በኋላም ጅቡ ቢመጣስ?

አያት፦ ከዚያ በኋላ ፈቃድህን ይዘህ ና። ያን ከግድግዳው አወርደውና በባዶው አቀባብል እልሃለሁ። እጀታውን በሳብክ ቁጥር ፊት ለፊትህ ያለው ምን እንደሆነ ጮክ ብለህ ትነግረኛለህ። ሳታይ አንድም ጊዜ ካልተናገርክ፣ ያኔ መግዛት ትችላለህ። አሁን ቶናው ደርሷል፤ ተቀመጥና ጠጣ።